የድሮ ቴፕና ሸክላ ማጫወቻ ለምትወዱ፦ አዳማ ላይ ያገኘሁት ጥገና ቤት

የድሮ ድራማ እያያችሁ «ከተዋናዩ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ምንድነው?» ብላችሁ ፖዝ የምታደርጉ ከሆነ፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለችውን ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሞክሯት። ማስታወቂያ የላትም፤ የሰፈሩን ሰው «ቴፕ ሠሪው ጋ» ብትሉት ያሳያችኋል።

እኔ ይዤ የሄድኩት ከአንድ የ1970ዎቹ መጨረሻ የቴሌቪዥን ድራማ ስልኬ ላይ ያስቀረሁትን ምስል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን የያዘ፣ ሰማያዊ መብራት ያለው ዕቃ ይታያል። ጋሼ (ቴፕ ሠሪው) ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ አልታገሉም። ምስሉን በጣታቸው አጎሉና «ጣቢያ መፈለጊያውን እየው» አሉኝ። ብዙዎቹ ላይ ፊት ለፊት የሚዞር ክብ ቁልፍ ነው፤ ይሄኛው ግን ተኝቶ የተገጠመ፣ ጠርዙ ብቻ ብቅ ያለ፣ በጣት ወደ ጎን የሚገፋ ጎማ ነው። ማራንዝ የሚባለው ብራንድ ነው! በ22 የሚጀምሩት ሞዴሎች የመጨረሻ ሁለት አሃዛቸው ዋቱን ይናገራል፤ 2230 በአንድ ቻናል (በአንድ ስፒከር በኩል) 30 ዋት፣ 2270 ደግሞ 70። የኛው የትኛው ነው ስላቸው «ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ይሄን አልልህም» አሉ። ሙያቸውን ያመንኩት እዚህ ጋ ነው፤ የማያዩትን አይገምቱም።

እዚያው ድራማ ውስጥ የቡና ቤት ትዕይንት ላይ ያለው ሸክላ ማጫወቻ ቶሎ ነው የተለየው። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ በአራት ረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች አሉ፤ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን ትልልቆቹ በትንሿ መብራት ፊት የቆሙ ይመስላሉ። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመጀመሪያው ፍጥነት ማስተካከያው የሚዞር ነበር፣ የሚንሸራተተው የመጣው በ1979 ከሁለተኛው ስሪት፣ ከኤምኬ2 ጋር ነው፣ ምስሉ ላይ ደግሞ የሚንሸራተተው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ኤምኬ3 ድራማው ሲቀረጽ ገና ስላልነበር ሌላ ምርጫ የለም።

ለማየት ገንዘብ አልጠየቁኝም። ጥገናው ላይም ጥንቁቅ ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ስታመጡላቸው ሶኬት ላይ ከመሰካታቸው በፊት ጀርባውን ያያሉ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የካሴት ቴፕ ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ያጸዳሉ፣ የላላ ቺንጋ ይቀይራሉ።

ቅር ያለኝ ወረፋው ነው። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ቀጠሮ ይገፋል፤ ደረሰኝም አይሰጡም። ዕቃ የምታስቀምጡ ከሆነ የሞዴሉንና የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ምስል ብቻ የምታሳዩ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ሰው ይበዛል። ከአንድ ትዕይንት ሦስት አራት ምስል ከተለያየ አቅጣጫ ብትይዙ ደግሞ ሥራቸውን ታቀሉላቸዋላችሁ።