በአዲሱ አውቶቡስ ከላምበረት እስከ ሸዋ ሮቢት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል ሸዋ ሮቢት በሚዘልቀው መስመር ላይ ከሚሠሩት የግል ድርጅቶች አንዱ የቆዩትን ቅጥቅጦች አስወጥቶ ረጃጅም አዳዲስ አውቶቡሶችን አስገብቷል። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሳው የሹፌር ድካም የእርሱ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን ባለፈው ወር በእነዚህ አውቶቡሶች ሦስት ጊዜ ተጉዣለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአገር ውስጥ በረራ አውሮፕላኖች ጥገና ላይ ስለሠራሁ፣ ዓይኔ ከወንበሩ ጨርቅ ይልቅ ወደ መሪው ማዘንበሉን አንባቢ ይታገሠኝ።

በምቾቱ በኩል ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ቅጥቅጡ በኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካል ተገጥሞለት የሚሠራ ስለነበር ከሰንዳፋ እስከ ሸኖ ያለውን መንገድ ወገባችን ይቆጥረው ነበር፤ በአዲሱ ግን ጉልበት ከፊት ወንበር አይጋጭም፣ ሻንጣም ከሆዱ ሥር ተቆልፎ ይሄዳል። ትኬቱ በወንበር ቁጥር ይቆረጣል፤ ከታሪፉ በላይ የጠየቀኝም የለም። ጉድለቱን ልንገር ካልሁ፣ በሦስተኛው ጉዞ የወንበሬ ቀበቶ አይቆለፍም ነበር። ከጫጫ በኋላ ብርዱ ሲበረታ ማሞቂያው እንዲከፈት ብንጠይቅ ረዳቱ «ነዳጅ ይበላል» ብሎ እምቢ አለን። የራሱን የሞተሩን ሙቀት የሚጠቀም ማሞቂያ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ለእኔ እስካሁን አልገባኝም።

ዋናው ጉዳይ የገለጠልኝ ግን ይኸው ሦስተኛው ጉዞ ነው። ሸዋ ሮቢት ለቅሶ ለመድረስ ከላምበረት መናኸሪያ በ7 ሰዓት ተነሳሁ፤ ወንበሬም ከሹፌሩ ጀርባ ነበር። ገና አለልቱ ሳንደርስ ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን በነፋስ ሲያስመታ፣ ውኃ በእጁ እያፈሰሰ ዓይኑን ሲያሻሽ አየሁ። ደብረ ብርሃን ለሻይ ስንቆም አጠገቡ ተቀመጥሁና ስንት ሰዓት እንደተነሳ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ከሸዋ ሮቢት ሌሊት በ11 ሰዓት ነው የወጣሁት፤ አሁን ወደዚያው መመለሴ ነው» አለኝ። ማታ በ1 ሰዓት ሲገባ ሥራ ላይ 14 ሰዓት ይሞላዋል ማለት ነው። ላምበረት ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ የጠበቀበት ጊዜ እንደ ዕረፍት ይቆጠርበታል፤ እርሱ ግን ያን ጊዜ ያሳለፈው ጎማ ሲያይና ጭነት ሲያስተካክል ነው።

በቅጥቅጡ ዘመን ይህ አልነበረም። መኪናው ዘገምተኛ ስለነበር ሹፌሩ በአንድ ቀን አንዱን ጉዞ ብቻ ሄዶ ያድር ነበር። አዲሱ አውቶቡስ ዳገቱን ሳያቃስት ስለሚወጣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ተቻለ፤ ድርጅቱም የተገኘውን ሰዓት ለሁለተኛ ጉዞ አዋለው። አውቶቡሱ ያተረፈው ሰዓት ከሹፌሩ እንቅልፍ ተቀነሰ ብል አላጋነንሁም።

ይህን ነገር በአውሮፕላንም አውቀዋለሁ። የአገር ውስጥ በረራችን በ2002 ዓ.ም. ኪው 400 የተባለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲቀበል፣ ከእርሱ በፊት ከነበረው ፎከር 50 በእጅጉ የሚፈጥንና ብዙ ሰው የሚጭን ነበር። አውሮፕላን ሲፈጥን በረራው ያጥራል፤ በረራው ሲያጥር ደግሞ በየትኛውም አገር የሚሠራ የመርሐ ግብር ክፍል በተረፈው ሰዓት ሌላ በረራ መጨመር ያምረዋል። በአጭር መስመር የሚሠራ አብራሪ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ተነስቶ ያርፋል፤ የሚደክመው ደግሞ ከላይ ሲንሳፈፍ ሳይሆን ሲነሳና ሲያርፍ ነው። ሆኖም በአቪዬሽን ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው አብራሪው ወደ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን የሚዛወረው ለዚያው ዓይነት ተምሮ፣ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል የመሬት ላይ መሣሪያ) ተፈትኖና የተለየ ፈቃድ አግኝቶ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ኪው 400 አካሉ ረጅም ስለሆነ ሲያርፍ አፍንጫውን ከልክ በላይ ያነሳ አብራሪ ጅራቱን ከአስፋልቱ ያላትመዋል፤ አብራሪው ይህን መሬት ላይ ሳለ ይማረዋል። ሁለተኛው የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ በሕግ የተወሰነ መሆኑ ነው።

ያም ሕግ በነጻ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ አጠገብ አንድ ኪው 400 ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት አውሮፕላኑ ፍጥነት አንሶት ሊወድቅ መሆኑን ለሚናገረው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ በሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ላይ ቢያደርጉትም፣ ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ሌሊቱን ሙሉ ተሳፍራ ለሥራ እንደመጣች፣ ካፒቴኑም በአውሮፕላን ማረፊያው የሠራተኞች ክፍል እንዳደረ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በወጣውና እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ ደንብ አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እንዲያርፍ፣ ከዚህም ውስጥ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ የሚተኛበት እንዲሆን ተደነገገ።

የእኛ ሹፌር ረዳት እንጂ ረዳት አብራሪ የለውም። ወደ ጣርማበር ዋሻ የደረስነው 11 ሰዓት አልፎ፣ ጉሙ አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቦረቦሩት ይህ ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወረዳል። አውቶቡሱ ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱን የሚይዝ ሪታርደር አለው፤ ሹፌሩ ግን ደብረ ሲና እስክንገባ ድረስ በእግር ፍሬን ብቻ አወረደን፤ የጋለ ፍሬን ሽታም ወንበሬ ድረስ መጣ። ጠማማው ላይ ሲታጠፍ የአውቶቡሱ ጭራ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሲወረወር ቅጥቅጥ የለመደ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ደብረ ሲና ቆሎ ስንገዛ ስለ ሪታርደሩ ብጠይቀው፣ መኪናውን የተረከበው ግማሽ ቀን ግቢ ውስጥ አዟዙረው እንደሆነ ነገረኝ። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም፤ እንዲያውም እንቅልፍ እየታገለው ያን ያህል ተጠንቅቆ መንዳቱ ያስመሰግነዋል።

ደሞዙ አነስተኛ ሆኖ ዋናው ገቢው በምልልስ የሚታሰበው አበል ስለሆነ ጉዞ ይቀነስልኝ ብሎ የሚጠይቅ ሹፌር እንደሌለም አጫውቶኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል፤ ድርጅቱ ይህን ለማክበር ደብረ ብርሃን ላይ ተቀያሪ ሹፌር ቢያቆም ይበቃዋል። ከተማዋ የመንገዱ አጋማሽ አካባቢ ናት፤ አውቶቡሱም ለሻይ መቆሙ አይቀርም።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሰው፣ በተለይ በጠዋቱ ጉዞ፣ ይህን አውቶቡስ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በመስመሩ ከተሳፈርሁባቸው ሁሉ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ጣርማበርን ለሚወርደው ግን አልመክርም፤ ደብረ ብርሃን አድሮ ጠዋት መውረድ ይሻለዋል። በቀደም ለተዝካሩ ትኬት ስቆርጥ ሹፌሩ በዕለቱ ስንተኛ ጉዞው እንደሚሆን የመስኮቷን ልጅ ጠየቅኋት። «አባባ፣ እሱ እዚህ አይጻፍም» አለችኝና የወንበር ቁጥሬን ጽፋ ሰጠችኝ።