ሽማግሌ ወይስ ዲያቆን? የ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ሁለት መመዘኛዎች

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዲቁና የክህነት ማዕርግ ነው፤ እዚህ የምናየው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን አሠራር ነው። በእነርሱ ዘንድ ሽማግሌ (ምዕራፉ «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለው) ጉባኤውን የሚመራና የሚያስተምር፣ ዲያቆን ደግሞ እርዳታንና ገንዘብን በመሰሉ ሥራዎች የሚያገለግል ነው።

ሁለቱም የአንዲት ሚስት ባል፣ ቤቱን በአግባቡ የሚያስተዳድር፣ ለመጠጥና ለገንዘብ የማይገዛ መሆን አለባቸው። ትልቁ ልዩነት ቁጥር 2 ላይ ያለው «ለማስተማር የሚበቃ» የሚለው ቃል ነው። ከዲያቆን ይህ አይጠየቅም። ቲቶ 1፥9 ደግሞ ሽማግሌው ስሕተትን መመለስ እንዲችል ይጠይቃል። ስለዚህ ዕጩው መድረክ ላይ ማማሩን ትታችሁ ለጥቂት ወራት አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ስጡትና ለከባድ ጥያቄ ከቃሉ ሲመልስ አድምጡት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ታታሪ ዲያቆን «ይገባዋል» ተብሎ ሽማግሌ ይደረጋል፣ ማስተማር ግን አይችልም። ሽምግልና የዲቁና እድገት አይደለም።

ለሽማግሌ «አዲስ ክርስቲያን አይሁን» ተብሏል፤ ምክንያቱ ትዕቢት ነው። የውጭ ሰዎች ምስክርነትም ያስፈልገዋል፤ ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረባውን ጠይቁ።

ለዲያቆን «በሁለት ቃል የማይናገር» የሚለው ይከብዳል። እርዳታ የሚያከፋፍል ሰው ቤት ለቤት ይገባል፣ የሰው ችግር ይሰማል። ለመበለቲቱ «ብሩ ተፈቅዷል»፣ ለኮሚቴው ደግሞ «አልጠየቀችም» ካለ በዚያው አበቃለት። ቁጥር 10 «አስቀድሞ ይፈተኑ» ይላልና ከመሾሙ በፊት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር መባ ይቁጠር፣ ሒሳቡንም በጽሑፍ ያስረክብ።