አጭር ኢምፕላንት ወይስ መደበኛው? ጥርስ ለማስተከል ለምታስቡ

አክስቴ የግራ ታችኛውን መንጋጋዋን ካስነቀለች 12 ዓመት ሆኗታል። ጅማ ሂርማታ ገበያ ተቀምጣ ቆሎ ስትቆረጥም በቀኝ በኩል ብቻ ነው። በቅርቡ ግን መረራትና «ውሰዱኝና አስተክሉልኝ» አለችን። ገና ሳይጀመር ጥያቄ መጣ፦ ኢምፕላንቱ፣ ማለትም አጥንት ውስጥ ገብቶ ጥርሱን የሚሸከመው ብሎን፣ አጭሩ ይሁን ረጅሙ?

እኔ እንደ አጥር እንጨት ነበር የማስበው። ጠልቆ የገባ አይነቃነቅም። ነገሩ ትንሽ ይለያል።

መደበኛ የሚባለው ኢምፕላንት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አጭር የሚሉት 8 እና ከዚያ በታች ነው፤ 6 የሆነም አለ። ሁለቱም በብዛት የቲታኒየም ብሎኖች ናቸው። አጥንት ቲታኒየምን አይገፋም፣ እየያዘው ያድጋል። ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ ይህን ተጠቅሞ የመጀመሪያውን ሰው ያከመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው።

ሐኪሙ ራጁን ስክሪን ላይ ከፍቶ አሳየን። «እናቴ፣ ይህቺ መስመር ትታይዎታለች? የከንፈርና የአገጭዎ ነርቭ የሚያልፍባት ናት።» ከድዱ ሥር እስከ መስመሯ ያለውን አጥንት ለካ። 9 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ላይ 2ቱ ለጥንቃቄ ይተዋል። ቀሪው 7። 10 ሚሊ ሜትር የሚገባበት ቦታ የለም። ነርቩ ከተጎዳ ከንፈር ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም እንደደነዘዘ ይቀራል።

አጥንቱ የት ሄደ? ጥርስ ሲነቀል ሥራ ያጣል፣ እየሟሸሸም ይሄዳል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። «ቆይ ሌላ ጊዜ» የምትሉ ይህን አስቡበት። ከላይ በኩል ደግሞ ችግሩ ነርቭ ሳይሆን ሳይነስ ነው፤ ከኋላ መንጋጋዎች በላይ ያለው ክፍት ቦታ እየሰፋ ይወርዳል።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መንገድ አጥንት ማስጨመር፣ ከዚያ ረጅሙን መትከል። አጥንቱ እስኪጠና ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ይጠበቃል፤ ሌላ ቁስል፣ ሌላ እብጠት፣ ሌላ ሂሳብ አለው። ሥራው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምልልሱን እናንተው አስሉት። ሁለተኛው መንገድ ባለው አጥንት ልክ አጭሩን መትከል። በ5 ዓመት ክትትል አጭሩ አጥንት ተጨምሮለት ከተተከለው ረጅም ብዙም አላነሰም፤ የቀዶ ሕክምናው ጣጣም ይቀንሳል።

ግን አጭሩ ርካሽ ነው ብላችሁ አትሂዱ። የብሎኑ ዋጋ በርዝመት ብዙም አይለያይም። የሚተርፈው የአጥንት ማስጨመሪያው ነው። ስለዚህ የሁሉንም ድምር ጠይቁ፤ ከላይ የሚደፋውን ጥርስም ጨምራችሁ።

የአጭሩ ድክመት ስንቁ ትንሽ መሆኑ ነው። ዙሪያው ያለው አጥንት 2 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ከ6ቱ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ከ12ቱ ግን አንድ ስድስተኛው ብቻ። ለዚህ ነው ሲጋራ ለሚያጨስ፣ ስኳሩ ላልተስተካከለ፣ ድዱ ለሚደማ፣ ሌሊት ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው አጭሩን በጥርጣሬ የማየው። እነዚህ ረጅሙንም ይጎዱታል፣ ግን ረጅሙ ትንሽ ይታገሣል። ከተማችን ላይ ሆኜ ጫትን ሳላነሳ አላልፍም፦ ቁስሉ እስኪድን በዚያ ጎን ማኘክ ክልክል ነው። ጫትም ማኘክ ነው። ለሐኪሙ አትደብቁ።

የኔ ምርጫ? አጥንቱ ከበቃ መደበኛው፤ ለፊት ጥርስማ አላመነታም። ከኋላ ከሆነና አጥንቱ 7 ወይም 8 አካባቢ ከቀረ አጭሩን እወስዳለሁ። ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ጥርስ ለጎደለው ደግሞ አጫጭሮቹን አያይዞ መሥራት ጫናውን ያካፍላል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ማስጨመሩ ላይቀር ይችላል።

አክስቴ 7 ሚሊ ሜትሩን አስተከለች። ከላይ የሚደፋው ሦስት ወር ይጠበቅለታል። ስንወጣ የብሎኑ ዓይነትና ልክ የተጻፈበት ካርድ ተቀበልን። ካልሰጧችሁ ጠይቁ፤ ከዓመታት በኋላ ቢላላ ሌላ ሐኪም መፍቻውን የሚያገኘው በእሱ ነው። እሷ ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር በአንድ ፌስታል ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ ከታዋለች።