በደሴ ያየሁት በአልትራሳውንድ የታገዘ የናሙና አወሳሰድ አገልግሎት
የእናቴ የአንገት እንቅርት በደሴ በሚገኝ አንድ የግል የምስል ምርመራ ማዕከል ሲመረመር አብሬ ነበርኩ፤ የናሙና አወሳሰዱ ከልብ የሚመሰገን ነው። ሐኪሙ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ሳይመሩ፣ ቀጭኗን መርፌ በአልትራሳውንድ ምስል እየተከታተሉ ወደ እባጩ ጠጣር ክፍል በማድረሳቸው፣ በአጠገቡ ያሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ሳይነኩ ናሙናው ተወስዷል። እንዲህ በምስል መመራት በቂ ሕዋስ የሌለባቸውን ናሙናዎች ቁጥር እንደሚቀንስ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። መሣሪያው የሚሠራው በድምፅ ሞገድ እንጂ በጨረር አለመሆኑንም አስቀድመው ለእናቴ በትዕግሥት አስረድተዋቸዋል፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ይሁን እንጂ የውጤቱ ወረቀት የእባጩን መጠን በሚሊሜትር አልገለጸም፤ እድገቱን ከወራት በኋላ ማነጻጸር ለሚያስፈልገው ታካሚ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ምስሉ በሲዲ ተገልብጦ ቢሰጥ ደግሞ ከወረኢሉና ከመቅደላ ድረስ የሚመጡ ሕሙማን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይጠቅማቸው ነበር።