የላየንስ ክለቦች የመነጽር ማሰባሰቢያ፦ ሣጥኑ ቀላል፣ ልየታው ከባድ

የላየንስ ክለቦች (በዓለም ዙሪያ ያሉ የበጎ አድራጎት ክለቦች) ያገለገሉ መነጽሮችን ሰብስበው ለሌላቸው የሚያደርሱበት አገልግሎት ለትንሽ ከተማ ክለብ ይመቻል፤ ለመጀመር ክዳኑ ላይ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ሣጥንና በየሳምንቱ የሚያነሣው ሰው ይበቃል። ክለቦቹ በ1917 እ.ኤ.አ. ተመሥርተው ወደ ዓይን ሥራ በሰፊው የገቡት በ1925 ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊት ጸሐፊ ሄለን ከለር ከተማጸነቻቸው በኋላ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ሣጥኑ ሲከፈት ነው። የተጫረ ሌንስ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ፣ ባዶ ማኅደር ሳይቀር ይወጣል። ክለቡ ይህን እዚያው ካልለየ የማጓጓዣው ገንዘብ ለቆሻሻ ይወጣል። ደህናው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል (በደረቅ ጨርቅ መወልወል አቧራውን ሌንሱ ላይ መሞረድ ነው)። ከዚያ የሌንሱ ኃይል (እይታን የሚያርምበት መጠን) ሌንሶሜትር በሚባል መሣሪያ ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍበታል።

የማንበቢያ መነጽር ቶሎ ባለቤት ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱም ዓይን ቁጥር ተቀራራቢ ነው። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ እይታ የሚደበዝዝበት ችግር) ላለበት ሰው ግን የሌንሱ ኃይል ብቻ ሳይሆን የአክሲሱ (የእርማቱ አቅጣጫ) ዲግሪም መግጠም ስላለበት፣ ከሙሉ ካርቶን አንድም ላይገኝ ይችላል። ሳይመረመሩ «ይሄ ያሳየኛል» እያሉ የሚመርጡበት እደላ ደግሞ ራስ ምታት ያተርፋል። የዓይን ባለሙያ የሌለው ክለብ ሰብስቦ ወደ መነጽር ማደሻ ማዕከል ይላክ፤ እደላውን አይንካው።