ቫኪዩም ጌጅ በጎንደር ከፍታ፦ ለአሮጌ የካርቡራተር መኪና ምን ያህል ይጠቅማል?

ኮሮላ ዲኤክስን የመሰሉ፣ ቤንዚንና አየር በካርቡራተር የሚቀላቅሉ መኪኖች በጎንደር ዛሬም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። እንዲህ ያለች መኪና በሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥላት ሞተሯ ሲሠራ) ስትንቀጠቀጥ፣ ቤንዚን ሲሰጣት ስታፍን ወይም ቆማ ሳለ ስትጠፋ ባለቤቷ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይቀየር ይባላል፤ ካልተሻላት ካርቡራተሩ ይታጠብ ይባላል፤ ያም ካልሆነ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይከፈት የሚል ውሳኔ ይከተላል። ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን በመለካት ሳይሆን በመሞከር የሚደረስባቸው ስለሆኑ የባለመኪናውን ኪስ ያራቁታሉ። ዛሬ የምገመግመው መሣሪያ ይህን ግምት በልኬት ሊተካ የሚችል፣ ወደ ጋራዥ ሳይሄድ ማንም ጥንቁቅ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ቫኪዩም ጌጅ፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ ነው።

ጌጁን የገዛሁት በከተማችን ካሉት የመለዋወጫ መደብሮች በአንዱ ሲሆን ቻይና ሥሪት ነው። በሳጥኑ ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ ጌጅ፣ የጎማ ቱቦና የተለያየ ውፍረት ያላቸው የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች አሉ። ዋጋው አንድ ጋራዥ ቴስታታ ለመክፈት ከሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። በፊቱ ላይ ሁለት ልኬቶች ይታያሉ፤ አንደኛው ከ0 እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ የሚደርሰው የመሳብ ልኬት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ0 እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የሚያሳየው የቤንዚን ፓምፕ ግፊት ነው።

የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የካርቡራተሩ የአየር በር ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው፣ ፒስተኖቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር በማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ፒስተኖቹ በሚያደርሰው ቱቦ) ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፤ ጌጁ በጎማ ቱቦው ከማኒፎልዱ ጋር ተገናኝቶ የሚለካው ይህንን መሳብ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ቫልቮላው (የአየርና የጭስ መተላለፊያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው)፣ ጓርኒሲዮኑ (በክፍሎች መካከል ያለው ማሸጊያ) እና ታይሚንጉ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ) ደህና ከሆኑ መሳቡ ጠንካራ ይሆናል፣ ጠቋሚውም ጸንቶ ይቆማል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ጠቋሚው ወይ ዝቅ ይላል ወይ ይወዛወዛል፤ አወዛወዙም እንደ ጉድለቱ ዓይነት ስለሚለያይ አንድም ብሎን ሳይፈታ ብዙ ነገር መረዳት ይቻላል።

የመሣሪያው ትልቁ ጉድለት በራሱ ፊት ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ነው። ከ17 እስከ 21 ያለው ክፍል በአረንጓዴ ተቀብቶ ጤነኛ ሞተር ይላል፤ ከእሱ ዝቅ ያለው ክፍል እሳቱ የዘገየ፣ ከዚያም ዝቅ ያለው የቫልቮላ ጊዜው የዘገየ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች የአየር ግፊት 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ለሆነበት ለባሕር ወለል የተዘጋጁ ናቸው። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 23 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ንባቡ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ በእኛ ከተማ ከጌጁ አረንጓዴ ቁጥሮች ላይ 7 መቀነስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ከ10 እስከ 14 ነው። ጠቋሚው 13 ላይ ጸንቶ ቆሞ ያየ የጎንደር ሰው ጽሑፉን ቢያምን፣ ምንም ያልጎደለውን ሞተር እሳቱ ዘግይቷል ብሎ ዲስትሪቡተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ያዞራል፤ ሲብስም ሞተሩን ወደማስፈታት ይሄዳል። አብሮት የመጣው መመሪያ ስለ ከፍታ አንድም ቃል አይናገርም፤ ይህ ለደጋ አገር ለሚሸጥ መሣሪያ ይቅር የሚባል ጉድለት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ደባርቅ ከጎንደርም ከፍ ስለምትል እዚያ ያለ ሰው ሌላ 2 ኢንች ያህል መቀነስ ይኖርበታል፤ ያው መኪና ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ግን ንባቡ ከአረንጓዴው እየቀረበ ይሄዳል። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ በጌጁ መስታወት ላይ ከ10 እስከ 14 ያለውን በማይለቅ ቀለም ማስመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ጌጁ ለጎንደር የተሠራ ያህል ያገለግላል።

በራሴ ኮሮላ ላይ ስሞክረው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠቋሚው 8 ላይ ዝቅ ብሎ፣ ነገር ግን ሳይወዛወዝ ቆመ። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ ቴስታታው መከፈት አለበት ብሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በሁለት ፒስተኖች መካከል የተቃጠለበት ሞተር ጠቋሚውን በየተራው ወደ ታች እየጣለ ይመልሰዋል እንጂ ጸንቶ እንዲቆም አያደርገውም። ዝቅ ብሎ የጸና ንባብ በመጀመሪያ ማስጠርጠር ያለበት ያለ ቦታው አየር የሚያስገባ ቀዳዳን ነው። ስለዚህ ከማኒፎልዱ የሚነሱትን ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ አድርጌ ስጨምቃቸው፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬኑን ወደሚያቀልለው ክፍል) የሚሄደው ሲጨመቅ ጠቋሚው ወደ 12 ዘለለ፣ መንቀጥቀጡም ወዲያው ቀነሰ። ቱቦው ከመታጠፊያው ሥር ተሰንጥቆ ነበር፤ በአዲስ ሲቀየር ንባቡ በዚያው ጸና። ቱቦዎቹ ደህና ሆነው ቢገኙ ኖሮ በካርቡራተሩ ሥርና በማኒፎልዱ ዙሪያ ባሉት ጓርኒሲዮኖች ላይ ውኃ በጥቂቱ እየረጩ ጠቋሚውን መመልከት ተገቢ ነበር፤ ውኃው ቀዳዳውን ለጊዜው ሲደፍነው ንባቡ ይነቃነቃል። ለዚህ ሥራ አንዳንዶች ቤንዚን ይጠቀማሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ጠቋሚው በእኩል ጊዜ ልዩነት ትክ ትክ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን አንዱ ፒስተን ሥራውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው፤ ምክንያቱ ካንዴላ ወይም የተቃጠለ ቫልቮላ ሊሆን ይችላል። የትኛው ፒስተን እንደሆነ ጌጁ አይናገርም። ይህን ለማወቅ የካንዴላ ሽቦዎቹን ሽፋን ባለው ፒንሳ በየተራ መንቀልና ሞተሩ ምንም ለውጥ የማያሳይበትን መለየት ያስፈልጋል፤ በባዶ እጅ የሚነካቸው ሰው በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይመታል። በዚያው አጋጣሚ ሽቦዎቹ ፒስተኖቹ እሳት በሚያገኙበት በ1-3-4-2 ቅደም ተከተል መግባታቸውን ማየት ይገባል፤ ካንዴላ በተቀየረ ማግሥት የሚጀምር መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ከተዛወሩ ሽቦዎች ይመጣል። ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ደግሞ ካርቡራተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር በሳሳው አየራችን ውስጥ ይህን ማድረጉ የሚጠበቅ ነው፤ ጠቋሚውም ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ይህንኑ ያረጋግጣል። ያን ጊዜ የሚኒሞ ቅልቅል ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ጠቋሚው ከፍ ብሎ የሚጸናበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ በእኔ አስተያየት ጌጁ ዋጋውን በአንድ ቀን የሚመልሰው በዚህ ሥራ ላይ ነው። በሚኒሞ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ጠቋሚ ነዳጅ ሲሰጥ ከተረጋጋ የቫልቮላ ጋይድ (ቫልቮላው የሚንሸራተትበት ቱቦ) መበላቱን፣ ከባሰበት ደግሞ የቫልቮላ ሞላ መድከሙን ያመለክታል። ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ተይዞ ሳለ ንባቡ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተደፍኗል።

በታይሚንግ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲስትሪቡተሩን ወደ ፊት ባዞሩት መጠን ጠቋሚው ከፍ ስለሚል፣ ከፍተኛውን ንባብ ብቻ የሚከተል ሰው እሳቱን ከልክ በላይ ያስቀድማል። ከከፍተኛው 1 ኢንች ያህል መልሶ ማሰርና ከዚያም ዳገት ላይ አውጥቶ ሞተሩ ኳ ኳ እያለ የሚመታ መሆን አለመሆኑን ማዳመጥ ይሻላል።

የአሠራር ጥራቱን በተመለከተ ቱቦው ደረቅ ያለ ነው፤ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎቹ ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ ብዙ ከቆዩ የሚለዝቡ ይመስለኛል። ጠቋሚው ማርገቢያ ስለሌለው ጤነኛ ሞተር ላይ እንኳ ትንሽ ይርገበገባል፤ ቱቦውን በጣት በከፊል ሲጨምቁት ይረጋጋል። የቤንዚን ፓምፕ ልኬቱ ከፍታ የማይለውጠው በመሆኑ እንደተጻፈ ሊወሰድ ይችላል፤ በሞተሩ የሚገፋ አሮጌ ፓምፕ ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ መስጠት ይኖርበታል።

የናፍጣ መኪና ያላቸው ሰዎች ይህን ጌጅ አይግዙ፤ የተለመደው የናፍጣ ሞተር የአየር በር ስለሌለው የሚለካ መሳብ አይፈጥርም። ለባጃጅም አልመክረውም፤ ፒስተኑ አንድ ብቻ በመሆኑ ጠቋሚው ያለ ማቋረጥ ስለሚዘል ንባቡ ትርጉም አይሰጥም። ምርመራው ሁሉ በደጅ መደረግ አለበት፤ በግቢ ጋራዥ ውስጥ በር ተዘግቶ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ጭስ ይገድላል። ነጠላም ሆነ ረጅም እጅጌ ከሚሽከረከረው ማራገቢያ መራቅ ይኖርበታል።

ለመግዛት የወሰናችሁ ጌጁን ከመደብሩ ከማውጣታችሁ በፊት ጠቋሚው በትክክል 0 ላይ ማረፉን ተመልከቱ፤ ከዚያም የቱቦውን ጫፍ በአፍ ስባችሁ በምላስ ዝጉት። ጠቋሚው ከፍ ብሎ በዚያው ሊቆይ ይገባል፤ ቀስ እያለ ከወረደ ጌጁ ራሱ አየር ስለሚያስገባ ሌላ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ።