ፓርከር 51፦ ቁጥሩ ደረጃ አይደለም

የድሮ ፓርከር ብዕር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሞዴሎቹን ቁጥር አይቶ «61 ከ51 ይበልጣል» ብሎ ይነሳል። አይበልጥም። ኩባንያው የተመሠረተው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው፤ የ51 ንድፍ ያለቀው በ1939፣ ኩባንያው 51 ዓመቱን ሲይዝ ነው። ስሙ ዕድሜ ነው። ቁጥር በመሆኑም በየአገሩ መተርጎም አላስፈለገውም።

በ1941 ገበያ ሲወጣ በዚሁ ቁጥር የተሰየመ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለምም አብሮት ወጣ። ቀለሙ ሴሉሎይድ የተባለውን ፕላስቲክ ስለሚጎዳ አካሉ ሉሳይት ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ ተሠራ፤ ጫፉ ላይ እንዳይደርቅ ደግሞ ኒቡ (የሚጽፈው የብረት ጫፍ) በሽፋን ውስጥ ተደበቀ። ከ80 ዓመት በኋላም ክዳኑ እንደተከፈተ የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ግምት ከዘመኑ ብዕሮች ለዕለት ሥራ የሚስተካከለው የለም።

ሲገዙ ግን አሞላሉን ይዩ። እስከ 1948 የተሠሩት ቫኩማቲክ ይባላሉ፦ የጭራው ቆብ ሲፈታ የሚጫኑት ዘንግ ይወጣል። ውስጡ ያለው ላስቲክ በዕድሜ ስለሚደርቅ ቀለም አይስብም፤ ለመቀየርም ልዩ መፍቻ ይጠይቃል። ከ1948 ወዲህ የመጣው ኤሮሜትሪክ ይሻላል። አካሉ ሲፈታ የቀለሙን ከረጢት የሸፈነ፣ መጫኛ ያለው የብረት መከለያ ይታያል፤ ኒቡን ውሃ ውስጥ ነክረው መጫኛውን 6 ጊዜ ይጫኑ፣ በየመሃሉም ትንሽ ይታገሱ። መጀመሪያ አረፋ በኃይል መውጣት አለበት። ከዚያ ከውሃው አውጥተው ሲጫኑት ውሃው ቀጥ ብሎ ከፈሰሰ ከረጢቱ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ካንጠባጠበ ወይ ከረጢቱ ተቀዷል፣ ወይ መሳቢያ ቱቦው ተደፍኗል።

የደረቀ ቀለም ለማውጣት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። አልኮል በፍጹም አይንካው፤ ሉሳይቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያመጣል። የኒቡ ሽፋን ሼላክ በተባለ ሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ በፒንሳ አያስገድዱት። በፀጉር ማድረቂያ እጅ እስኪችለው ድረስ አሙቀው በእጅ ያዙሩት።

ርካሹ ፓርከር 21 ከውጭ 51ን ይመስላል፤ ፕላስቲኩ ግን ይሰነጠቃል፣ በተለይ ሽፋኑ ላይ። በ1956 የወጣው 61 ደግሞ ቀለሙን በጭራው በኩል ራሱ የሚስብ ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ ቀለም ከደረቀበት ግን ለማጠብ ቀናት ይፈጃል።